ከተሸናፊ ቡድን የተመረጠ ኮከብ

ዛሬ ከኤርፖርት የጫንኳቸው ሽማግሌ የቤዝቦል ወሬ አመጡ። የወሬው ባለቤት ቦቢ ሪቻርድሰን ይባላል፤ የኒው ዮርኩ ቡድን የያንኪስ ሁለተኛ ቤዝ ጠባቂ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ያንኪስ በወርልድ ሲሪስ (የአሜሪካ ቤዝቦል የዋንጫ ፍልሚያ) ተሸነፈ፤ ኮከብ ተጫዋች የተባለው ግን እሱ ነው። ከተሸናፊ ቡድን ሌላ ተመርጦ አያውቅም።

ሽማግሌው የወደዱት ግን የ1962ቱን ነው። ሰባተኛው ጨዋታ፣ ያንኪስ 1 ለ 0 እየመራ፣ የመጨረሻዋ ደቂቃ (ይቅርታ፣ ቤዝቦል ደቂቃ የለውም)። የተጋጣሚው ቡድን መቺ ማኮቪ የለጋት ኳስ እንደ ጥይት መጣች። ሪቻርድሰን መሬት ሳትነካ ቀለባት፤ አለቀ፣ ያንኪስ አሸነፈ። ሽማግሌው ከኋላ ሆነው በመዳፋቸው ቀልበው አሳዩኝ።

በ31 ዓመቱ መጫወት አቆመ። በኋላ የሳውዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቤዝቦል አሠልጣኝ ሆኖ በ1975 ልጆቹን ኦማሃ ከተማ ለሚካሄደው የኮሌጆች ዋንጫ ፍጻሜ አደረሰ፤ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አሸነፈው።

ለልጄ አሠልጣኝ ምረጥ ብባል ማሸነፍንም መሸነፍንም የቀመሰ ሰው ነው የምመርጠው። እሷ ግን ቅርጫት ኳስ ካልሆነ ትላለች።