ጥሩውን ባክቴሪያ ከመጥፎው እንዴት ትለዩታላችሁ?

የባክቴሪዮሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ እንደምሠራ የሰማ ሰው ቀጥሎ ምን እንደሚጠይቀኝ አውቀዋለሁ። «ጥሩውን ባክቴሪያ ከመጥፎው እንዴት ትለዩታላችሁ?» መልሴ ብዙ ጊዜ ጠያቂውን ቅር ያሰኘዋል። ባክቴሪያውን ከማየቴ በፊት የማየው ወረቀቱን ነው፤ ናሙናው ከየት ነው የተወሰደው?

ኢ. ኮላይን እንውሰድ። ከጤነኛ ሰው ሰገራ ላይ ባገኘው አይገርመኝም፤ አንጀት ቤቱ ነው። የተለየ መርዝ የሚሠሩትን ዝርያዎች ለይተን ካልፈለግን በቀር ስሙን እንኳ ሪፖርት ላይ አናሰፍርም። ያው ኢ. ኮላይ ከሽንት ናሙና ላይ በአንድ ሚሊ ሊትር 100,000 ያህል ሆኖ ከበቀለና ፎርሙ ላይ «ስትሸና ያቃጥላታል» ተብሎ ከተጻፈ ውጤቱን ጽፌ እልካለሁ። ከአራስ ልጅ የአከርካሪ ፈሳሽ ላይ ካየሁት ግን ሪፖርቱ እስኪታተም አልጠብቅም፤ ስልክ አነሳለሁ። ማጅራት ገትር ነው፤ እያንዳንዱ ሰዓት ዋጋ አለው። ሦስቱን ሳህኖች አጠገብ ላጠገብ ብደረድራቸው ማክኮንኪ አጋር በሚባለው የባክቴሪያ ማብቀያ ላይ የሚታየው አንድ ዓይነት ሮዝ ኮሎኒ (የባክቴሪያ ክምችት) ነው።

በማይክሮስኮፕም ቢሆን ጠባይ አይታይም። አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ባክቴሪያን ቀለም ነክሮ በሚለየው በግራም ስቴይን ነው። ዴንማርካዊው ሐኪም ሐንስ ክርስቲያን ግራም በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች ሳንባ ላይ ሲሠራ አግኝቶት በ1884 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬ ድረስ በየቀኑ እጄን ሐምራዊ ያደርገዋል። ስላይዱ ላይ መጀመሪያ ክሪስታል ቫዮሌት የሚባል ሐምራዊ ቀለም፣ ከዚያ አዮዲን፣ ከዚያ አልኮል፣ መጨረሻ ላይ ሳፍራኒን የሚባል ሮዝ ቀለም ይፈስበታል። ወሳኙ አልኮሉ ነው። ጥቂት ሰከንድ ከበዛ ከሁሉም ላይ ቀለሙን ያጥባል፣ ካነሰ ደግሞ ሁሉም ሐምራዊ ሆኖ ይቀራል። በደንብ ሲሠራ ወፍራም ግድግዳ ያላቸው ሐምራዊውን ይዘው ይቀራሉ፤ ግድግዳቸው ቀጭን የሆነው ለቀውት ሮዝ ይሆናሉ። ይህ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው፤ ባክቴሪያው ሳህን ላይ እስኪበቅል ድረስ በየትኛው መድኃኒት እንደሚጀምር ፍንጭ ይሰጠዋል። ባክቴሪያው ሰው ያሳምማል ወይስ አያሳምምም ለሚለው ግን ሐምራዊውም ሮዙም መልስ የላቸውም።

ጥሩና መጥፎ የሚለውን ክፍፍል ከሁሉ በላይ የሚያፈርስብኝ ዲፍቴሪያ ነው። ጉሮሮ ውስጥ ግራጫ ሽፋን ሠርቶ ሕፃናትን የሚያፍነው፣ መርዙ ልብን የሚጎዳው በሽታ። መርዙን የሚሠራው ባክቴሪያው ነው፤ የመርዙ ጂን ግን የባክቴሪያው የራሱ አይደለም። በ1951 ተመራማሪው ቪክተር ፍሪማን መርዝ የማይሠሩ የዲፍቴሪያ ባክቴሪያዎችን በአንድ ቫይረስ አስጠቃቸው። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ፣ ፌጅ የሚባል ቫይረስ ነው። ከዚያ በኋላ የተረፉት መርዝ መሥራት ጀመሩ። ቫይረሱ ጂኑን ይዞ ገብቶ እዚያው ተቀምጧል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለት የዲፍቴሪያ ባክቴሪያዎች በመልክም በስምም አንድ ሆነው፣ አንዱ ጉሮሮ ላይ ዝም ብሎ ሲኖር ሌላው ይገድላል። ክትባቱም የሚያስተምረው መርዙን መከላከል እንጂ ባክቴሪያውን ማባረር አይደለም። ለዚህ ነው የተከተበ ሰው ሳይታመም ባክቴሪያውን ሊሸከም የሚችለው።

ኮሌራም የዚሁ ዘመድ ታሪክ አለው፤ የመርዙ ጂን በፌጅ የመጣ መሆኑ የታወቀው በ1996 ነው። ባክቴሪያው የወትሮ ኑሮው ጨዋማነት ባለው የባሕር ዳርቻና የወንዝ አፍ ውኃ ውስጥ፣ በዓይን ለማየት በሚያስቸግሩ ጥቃቅን የውኃ እንስሳት ቅርፊት ላይ ተጣብቆ ነው። ቅርፊቱን ይበላል፤ እዚያ ለማንም ጠላት አይደለም። አንጀታችን ውስጥ ሲገባ ግን መርዙ የአንጀት ሴሎችን ጨው እንዲያፈሱ ያስገድዳቸዋል፣ ውኃም ጨውን ተከትሎ ይወጣል። በጣም የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊያጣ ይችላል። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ መርዙ የማይነካው በር መኖሩ ነው። ስኳርና ጨውን አንድ ላይ ወደ ሴሉ የሚያስገባው መተላለፊያ ሥራውን አያቆምም። ለተቅማጥ በውኃ ተበጥብጦ የሚሰጠው የስኳርና የጨው ድብልቅ፣ ኦአርኤስ፣ የሚሠራው በዚያ በር ነው። ውኃ ብቻ ወይም ጨው ብቻ ቢሰጥ የዚያን ያህል አይጠቅምም፤ ስኳሩ ለጣዕም የገባ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል።

ወደ ሥራ ጠረጴዛዬ ልመለስ። በጣም የምወደው ሥራ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚያቆመው የምናይበት ምርመራ። ሳህኑ ላይ ባክቴሪያውን እኩል አድርገን እንቀባለን፤ መድኃኒት የያዙ ትንንሽ የወረቀት ክቦችን እናስቀምጥበታለን፤ በ35 ዲግሪ አሳድረን ጠዋት እናወጣዋለን። መድኃኒቱ ከሠራ በወረቀቱ ዙሪያ ጥርት ያለ ክብ ይታያል፤ ክቡን በማስመሪያ እንለካለን። ካልሠራ ባክቴሪያው ወረቀቱ ሥር ድረስ በቅሏል። አንዳንድ ጠዋት አንድም ክብ የሌለበት ሳህን ይወጣል። ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን ተራ በተራ መጥተን እናየዋለን፤ ብዙ አንነጋገርም።

ሰዎች ባክቴሪያ መድኃኒት መላመዱን እኛ የፈጠርነው አድርገው ያወራሉ። በከፊል እውነት ነው፤ ያለአግባብ በተጠቀምን ቁጥር የተላመዱትን እየመረጥን እናራባለን። ጂኖቹ ግን ከእኛ ይቀድማሉ። በ2011 የታተመ ጥናት 30,000 ዓመት ገደማ በረዶ ሆኖ በቆየ አፈር ውስጥ ፔኒሲሊንንና ቴትራሳይክሊንን የመሳሰሉ መድኃኒቶችን የሚቋቋሙ ጂኖችን አግኝቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከመድኃኒቶቻችን ብዙዎቹን መጀመሪያ የሠሩት የአፈር ባክቴሪያዎች ናቸው፤ መርዝ የሚሠራ ደግሞ ራሱን የሚያድንበት ዘዴ ያስፈልገዋል። የሳንባ ነቀርሳን መጀመሪያ ያሸነፈው ስትሬፕቶማይሲን በ1943 የተገኘው ከአፈር ባክቴሪያ ነው። ያገኘው ወጣቱ አልበርት ሻትዝ ሲሆን የ1952ቱን የኖቤል ሽልማት የወሰደው አለቃው ሰልማን ዋክስማን ብቻውን ነው። ይህ እስካሁን ያናድደኛል።

የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊንስ? እሱንም በ1978 ለመጀመሪያ ጊዜ የሰውን ጂን ተቀብሎ የሠራው ያው የሽንት ቧንቧ የሚያቃጥለው ኢ. ኮላይ ነው፤ በእርግጥ የላብራቶሪው ዝርያ ጭምት ነው። የምንተነፍሰው ኦክስጅንም ከ2.4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አየሩን መሙላት የጀመረው በባክቴሪያ ሥራ ነው። ይህ ለጊዜው ይቆየኝ፤ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ጠያቂዬ አሁንም ካልለቀቀኝ የማነሳለት የአፈር ዘመዳሞች አሉ። አንዱ ራይዞቢየም ነው፤ የባቄላና የአተር ሥር ላይ እባጭ ሠርቶ ከአየር ናይትሮጂን እየወሰደ ተክሉን ይመግባል። ጤነኛ እባጭ በምላጭ ቢሰነጠቅ ውስጡ ቀይ ነው፤ ከደማችን ሄሞግሎቢን ጋር የሚዛመድ ፕሮቲን ስላለበት። ሌላው አግሮባክቴሪየም ነው፤ እሱም ተክል ላይ እብጠት ይሠራል፣ ይኼኛው ግን ዕጢ ነው። ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ አንድ ስም ይበቃቸዋል ብለው የተከራከሩ ሳይንቲስቶች አሉ። አንዱን መጋቢ ሌላውን አሳማሚ የሚያደርጉት ጂኖች በብዙዎቹ ላይ የተቀመጡት ፕላስሚድ በሚባል ትርፍ የዲኤንኤ ቀለበት ላይ ነው። ይህ ቀለበት ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ ይተላለፋል። አግሮባክቴሪየም ከዚያ ቀለበት ቆርጦ የራሱን ጂን ተክሉ ሴል ውስጥ ይተክላል፤ ዕጢው የሚያድገውም በዚያ ነው። ተመራማሪዎች የዕጢውን ጂኖች አውጥተው በቦታቸው የፈለጉትን ጂን አስገቡበት። ዛሬ አዲስ ጂን ተክል ውስጥ ለማስገባት በየላብራቶሪው መጀመሪያ የሚታሰበው እሱው አሳማሚው ነው።