ካርታው 400 ኪሎ ሜትር ይላል፣ መንገዱ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል

ባለፈው ሰሞን በሁለት ትንንሽ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀት ፈልጌ ነበር። ሁለቱም ከዋና ከተማ የራቁ፣ ብዙ በረራ የማያዩ ናቸው። ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስሊያ ወዲያው መለሰልኝ፦ 400 ኪሎ ሜትር፣ 30 ደቂቃ። ደስ አለኝ። ቲኬት ልቆርጥ ስገባ ግን ያገኘሁት አጭሩ ጉዞ ዘጠኝ ሰዓት የሚፈጅ ነበር።

ርቀቱ ትክክል ነው። ምድር ክብ ስለሆነች ማስሊያው የሚለካው በገጿ ላይ የሚሰመረውን አጭሩን ቅስት ነው። ቁጥሩ በኖቲካል ማይል (የባሕርና የአየር ጉዞ የርቀት መለኪያ) ከሆነ ብቻ ልብ በሉ፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ ያው 400 ኪሎ ሜትር 216 ሆኖ ይታያችኋል።

ጣጣው ያለው ደቂቃው ላይ ነው። ማስሊያው ርቀቱን ያካፈለው ለትልቅ ጄት ፍጥነት ነው፣ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር። ወደ እንደዚህ ዓይነት ማረፊያዎች የሚመላለሱት ግን ብዙ ጊዜ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ናቸው። ለምሳሌ ኤቲአር 72 በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራል። በቃ፣ 30 ደቂቃው 48 ሆነ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ከመጣ 57፣ ከኋላ ከገፋ 41 ደቂቃ ይሆናል። እዚህ ላይ ማኮብኮቡን፣ ከፍታ መያዙን፣ ለማረፍ መዞሩን ጨምሩበት። ቲኬት ላይ የሚጻፈው ጊዜ አውሮፕላኑ ከቆመበት ከተንቀሳቀሰበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ላይ እስኪቆም ያለው ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ያካትታል። ደግሞ መነሻውም መድረሻውም በየአገሩ ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ የሰዓት ልዩነት ካለ ዝም ብላችሁ አትቀንሱ።

ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን ዘጠኝ ሰዓት አይሞላም። ቀኑን የሚበላው ትራንዚቱ ነው። ትንንሽ ማረፊያዎች አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ አይገናኙም፣ ሁሉም የሚገናኙት ከአንድ ትልቅ ከተማ ጋር ነው። ስለዚህ 400 ኪሎ ሜትር ለመሄድ መጀመሪያ 600 ወደ ጎን ትበርራላችሁ፣ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ ሌላ 550 ትመለሳላችሁ። ሁለተኛው በረራ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ትንሽ ቢዘገይ እንኳ አዳራችሁ እዚያው ነው። የማኮብኮቢያ መብራት የሌላቸው ማረፊያዎችም አሉ፣ ከጨለመ ማንም አያርፍባቸውም። ስኮትላንድ ውስጥ ባራ የሚባል ደሴት አለ፣ አውሮፕላኑ የሚያርፈው የባሕር ዳርቻው አሸዋ ላይ ስለሆነ የበረራ ሰዓቱን የሚወስነው የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ነው! እዚያው ስኮትላንድ፣ ከዌስትሬይ ወደ ፓፓ ዌስትሬይ ያለው በረራ ደግሞ 2.7 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፣ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ቀጥታ በረራ ማለት ይኸው ነው።

እኔም መጨረሻ ላይ የፈለግሁት እሱን ነው። ፍለጋዬን ለአንድ ቀን ብቻ ከማድረግ የሳምንቱን ፕሮግራም በሙሉ አየሁት። ለካ ሁለቱን ማረፊያዎች የሚያገናኝ ቀጥታ በረራ በሳምንት ሁለቴ አለ፣ እኔ የመረጥኩት ረቡዕ ግን ከሁለቱ ቀኖች አንዱ አልነበረም። ጉዞዬን ወደ ዓርብ ገፋሁት። በ1 ሰዓት ከ5 ደቂቃ በረራ ደረስኩ።