በርገን፣ ዝናብና የሃርዳንገሯ ሙሽራ

ከኦስሎ በባቡር ሰባት ሰዓት ያህል ተጉዤ ምዕራብ ኖርዌይ፣ በርገን ስደርስ ዝናቡ ጣቢያው በር ላይ ጠበቀኝ። የአክስቴ ልጅ ገና ሳልወርድ ደውላ "ዣንጥላ ይዘሻል አይደል?" ብላኛለች። አልያዝኩም። እዚህ ከተማ በዓመት ከ200 ቀን በላይ ይዘንባል፤ ማን ይነግረኛል?

የመጣሁት ለማርኩስ ሰልመር ፎቶዎች ነው። ሰውየው ዴንማርካዊ ነው፤ በ1819 ራንደርስ ተወለደ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የተማረው መድኃኒት ቅመማ ነበር። በ1852 በርገን መጥቶ ፎቶ አንሺ ሆነ። ሙያው ብዙም አልተቀየረም ማለት ይቻላል፤ ያኔ ፎቶ ማንሳት ኬሚካል መበጥበጥ ነበርና። የገጠር ሰዎችን በባህል ልብሳቸው ያነሳል፣ ፎቶው በእጅ ቀለም ይቀባል፣ ከዚያ ለአገር ጎብኚ ይሸጣል።

ስብስቡ በርገን ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው ያለው። ድረ ገጹንም በስሙ "ማርኩስ" ብለውታል። እኛም ዝናቡ ስላላስወጣን ወጥ ቤት ቁጭ ብለን ቡናችንን እየጠጣን በላፕቶፕ አገላበጥናቸው።

ከበርገን ወጣ ብሎ ካለው ገጠር፣ ከሃርዳንገር፣ የሆነች አንዲት ሙሽራ ላይ ቆምኩ። ዘውድ ደፍታለች። ሰደርያዋ ቀይ ነው፣ ደረቷ ላይ የብር ጌጥ አለ። አቀረብኩት። ቀዩ ከሰደርያው ጠርዝ ወጥቶ ነጩን እጅጌ ነክቶታል። ከቀሚሷ ጀርባ የብረት እግር ብቅ ብሏል፤ ሰው እንዳይነቃነቅ ጭንቅላቱን ከኋላ የሚደግፉበት መቆሚያ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ዱላ የዋጡ የሚመስሉት።

ቀለሙ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። የዚያ ዘመን የመስታወት ፊልም ሰማያዊን እንጂ ቀይን አያይም። ፎቶው ሲታጠብ ቀዩ ሰደርያ ጥቁር ሆኖ ይወጣል፣ ሰማያዊው ይነጣል። ብሩሹ ካሜራው የበላውን ይመልሳል። ወረቀቱ ደግሞ በእንቁላል ነጭ የተቀባ ስለነበር ያንሸራትታል፣ የውኃ ቀለም አይዝም። መላው ምን መሰላችሁ? የበሬ ሐሞት! ትንሽ ሲቀቡበት ቀለሙ ይይዛል። አያቴ ግድግዳዋ ላይ የሰቀለችው ፎቶም ከንፈሩ በእጅ የቀላ ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሊፕስቲክ ይመስለኝ ነበር።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ብዙዎቹ ፎቶዎች ሥር የአገሩ ስም እንጂ የተነሳው ሰው ስም የለም። "ሙሽራ፣ ሃርዳንገር"፤ በቃ። የተሸጠው ልብሱ ነዋ። ልጅቷን የማገኘው እጇ ላይ ነው። ብሩሽ አልነካውም። ጣቶቿ ወፍራም ናቸው፣ አንጓቸው ያበጠ፤ ላም ያለበችና ድርቆሽ የሰበሰበች እጅ።

በማግስቱ በአውቶቡስ ክቫንዳል፣ ከዚያ በፌሪ ኡትነ ሄድን። እዚያ የሃርዳንገር ባህል ሙዚየም አለ። ሰደርያውን በመስታወት ውስጥ አየሁት፣ ደረቱ ላይ የሚደረገውን የዶቃ ጥልፍና ቀዳዳ ቀዳዳ ጥልፍ ያለውን ነጭ ሽርጥም። ቀዩ ከፎቶው ይልቅ ጠቆር ያለ ነው። ቀቢው ለገበያ ሳያደምቀው አልቀረም።

ስንመለስ ፌሪው ላይ ስልኬን አወጣሁ። የአክስቴ ልጅ አጮልቃ አየችና "ዛሬም እጇን ነው የምታዪው?" ብላ ሳቀችብኝ። ክቫንዳል ስንደርስ እንደገና ያካፋ ጀመር።