ከተደራሽነት ግዴታ ነፃ የሚሆነው የጋራዡ ክፍል የትኛው ነው?

ለጋራዥ በሚቀርቡ ፕላኖች ላይ ደጋግሞ የሚታየው ችግር ሙሉው የሥራ አዳራሽ «አደገኛ፣ ለሠራተኛ ብቻ» ተብሎ ለአካል ጉዳተኞች ምቹ ከማድረግ ግዴታ ነፃ እንዲሆን መጠየቁ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጽደቅ የለበትም። ነፃ መሆን ያለበት አደጋው ያለበት ቦታ እንጂ ጋራዡ በሙሉ አይደለም። አካል ጉዳተኛ መካኒክ የለም ብሎ መነሳት ከመጀመሪያው ስህተት ነው።

እዚህ የምናነጻጽረው የሁለት አገሮችን ደንብ ነው። የአውስትራሊያው ከቦታው አገልግሎት የተነሳ መግባቱ አግባብ ያልሆነበትን ቦታ፣ ለአካል ጉዳተኛ ጤናና ደኅንነት የሚያሰጋውን ቦታ፣ እንዲሁም ከእነዚህ ቦታዎች ሌላ የትም የማያደርሰውን መንገድ ነፃ ያደርጋል። ስለዚህ በብየዳው በኩል አልፎ ሽንት ቤት የሚያደርስ ኮሪደር ነፃ አይሆንም። የአሜሪካው የ2010 ደንብ ጠበቅ ይላል፤ የሠራተኛ የሥራ ቦታ ቢሆንም በዊልቸር መቅረብ፣ መግባትና መውጣት መቻል አለበት። በመሰላል ብቻ የሚወረድበት ጉድጓድ ግን ነፃ ነው። ሽንት ቤት፣ ኮሪደርና የሠራተኛ ማረፊያ እንደ ሥራ ቦታ አይቆጠሩም፤ ሙሉ ግዴታ አለባቸው።

ፕላኑ ላይ ጉድጓዱን፣ የቀለም ክፍሉን፣ የመኪና ማንሻውን ለየብቻ ከልሉ፤ ከእያንዳንዱ ጎን ምክንያቱን ጻፉ። «አደገኛ» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «የማንሻው ክንዶች ወለሉ ላይ ተዘርግተው ይቀመጣሉ» ቢባል ግን የሚጣራ ነገር ነው።

ብዙ ጊዜ መስፈርቱን የማያሟላው በሩ ነው። በአሜሪካው ልኬት ቢያንስ 81.5 ሳንቲሜትር ክፍት ቦታ ያስፈልጋል፤ የሚለካውም በሩ 90 ዲግሪ ተከፍቶ ከመዝጊያው ገጽ እስከ ማዶው መቃን ማቆሚያ ድረስ ነው። ስለዚህ «80» ተብሎ የተገዛ በር ከመነሻው አያልፍም። ቀጥሎ የዘይትና የውኃ መውረጃው ፍርግርግ ነው፤ በመተላለፊያ ላይ ካለ ክፍተቱ ከ13 ሚሊሜትር መብለጥ የለበትም፤ ረጃጅም ክፍተቶቹም መንገዱን አቋርጠው ይቀመጡ። በመንገዱ አቅጣጫ ከተቀመጡ የዊልቸሩ የፊት ጎማ ይሰነቀርባቸዋል።

የእሳት ማስጠንቀቂያ ይረሳል። የሥራ ቦታው የድምፅ ማስጠንቀቂያ ካለው፣ መስማት የተሳነው ሠራተኛ ሲቀጠር የብርሃን ማስጠንቀቂያ መጨመር እንዲቻል ሽቦው አስቀድሞ ይዘጋጅ። ኮርኒሱ ከተዘጋ በኋላ ይህን መሥራት በጣም ያስቸግራል።