«ራም 8 ጂቢ» ብቻ ያለው የግዥ ጥያቄ

ካርቶኖቹ ንብረት ክፍል ሲደርሱ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም ነበር፦ 10 ራም፣ 10 ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማከማቻ)፣ 4 ፕሮሰሰር። የሚገቡት በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል ባሉ 10 ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020 ኮምፒውተሮች ውስጥ ነው። ኮር አይ3-4130፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ፤ ጠዋት ተከፍተው ቡና ተጠጥቶ እስኪመለስ ገና የሚንፏቀቁ ናቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊዋ ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሊቆርጡ ሲሉ የአይቲ ባለሙያው «እትዬ፣ ቆይ አይቁረጡ፤ መጀመሪያ አንዱ ላይ ልሞክረው» አላቸው። ሞዴል 19 ከተቆረጠ በኋላ ዕቃ መመለስ ምን ያህል እንደሚያለፋ የሠራበት ያውቀዋል።

ራሙ ማስገቢያው ላይ ተቀምጦ ቀረ፣ አልገባም። ማዘርቦርዱ፣ ማለትም ክፍሎቹ ሁሉ የሚሰኩበት ዋናው ሰሌዳ፣ የሚቀበለው ዲዲአር3 የተባለውን የራም ትውልድ ነው፤ የመጣው ዲዲአር4። የመጀመሪያው 240፣ ሁለተኛው 288 እግር አለው፤ ሥሩ ላይ ያለችው ጎድጓዳ ቅርጽም ቦታዋ ይለያያል። «ትንሽ ጫን በለው» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሲጫኑት ግን የሚሰነጠቀው ማስገቢያው ነው። ፕሮሰሰሩ ደግሞ አይ7-6700 ነበር፦ ለ1151 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) የተሠራ፣ ቦርዱ ግን 1150። እዚህ ላይ መሞከርም አይገባም። የእነዚህ ፕሮሰሰሮች እግሮች ያሉት ቦርዱ ላይ ነው፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው፤ ጥቂቶቹ ከታጠፉ ቦርዱ ሊበላሽ ይችላል። ኤስኤስዲውም ኤም.2 ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ በቀጥታ ቦርዱ ላይ የሚሰካው ቀጭን ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ 3020 ላይ የሚሰካበት ቦታ የለም። በፒሲአይ ኤክስፕረስ አስማሚ ቢገባ እንኳ የዚያ ዘመን ባዮስ (ማሽኑን የሚያስነሳው የቦርዱ ሶፍትዌር) በአብዛኛው ከኤንቪኤምኢ ዊንዶውስ አያስነሳም።

ሻጩ አላጭበረበረም። የግዥ ጥያቄው «ራም 8 ጂቢ፣ ኤስኤስዲ 256 ጂቢ፣ ሲፒዩ ኮር አይ7» ይላል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ዝቅተኛው ዋጋ አሸነፈ። እንዲያውም ከሦስቱ አንዱ ዋጋ የሞላው ለሙሉ ማሽን ነበር። እኛ ዘንድ «ሲፒዩ» ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከስክሪኑ አጠገብ የሚቆመው ሣጥን ስለሆነ አይፈረድበትም። ጥያቄው ላይ «ፕሮሰሰር» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ዕቃው ተመልሶ በሁለተኛው ዙር ዲዲአር3 መጣ። ልክክ ብሎ ገባ፤ ማሽኑ ግን ስክሪኑን እንዳጨለመ ቀረ። አስቸጋሪው ክፍል ይህ ነው፤ ልኩ ገጥሞ አለመሥራት። መልሱ ራሙ ላይ በተለጠፈችው ወረቀት አለ። ለዚህ ማሽን ተስማሚው «2አርኤክስ8 ፒሲ3ኤል-12800ዩ» የሚል ነው። 12800 ማለት 1600 ፍጥነት ነው፤ «ኤል» በ1.35 ቮልት እንደሚሠራ ይናገራል። መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደል «ዩ» ከሆነች የተራ ዴስክቶፕ ነው፤ «ኤስ» ከሆነች የላፕቶፕ፣ «አር» ከሆነች ከሰርቨር የተነቀለ ነው። ያ ዙር ያመጣው «አር» ነበር። የሰርቨሩም የዴስክቶፑም ዲዲአር3 እኩል 240 እግር ስላላቸው ያልለመደ ዓይን አይለያቸውም። ከሰርቨር የተነቀለው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነውና ፕሮፎርማ ላይ ሁሌም ያሸንፋል።

«ኤክስ8» የምትለውም ዝም ብላ አይደለችም፤ እያንዳንዷ ጥቁር ቺፕ በአንድ ጊዜ 8 ቢት እንደምታስተላልፍ ትገልጻለች። «ኤክስ4» የሆኑ፣ «ለኤኤምዲ ብቻ» እየተባሉ በርካሽ የሚሸጡ 8 ጂቢ ራሞች አሉ፤ የኢንቴል ዴስክቶፕ አያነባቸውም። 3020 ሁለት ማስገቢያ ብቻ አለው፣ ጣሪያው 16 ጂቢ ነው፤ አንዱ 16 የሆነ ራም ፈልጎ መልፋት አያስፈልግም።

ፕሮሰሰሩን ባለሙያው ከዝርዝሩ ሰረዘው። ለዚህ ሶኬት አይ5-4590 ወይም አይ7-4770 ይገኛል፤ 4590 በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ስለሆነ ቦርዱ አሮጌ ባዮስ ካለው አስቀድሞ ማደስ ግድ ነው። ግን ለኤክሴልና ለሒሳብ ሶፍትዌር ሰው የሚሰማው ለውጥ ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲዞር ነው። ከዚህ በላይ ማውጣት አያዋጣም፤ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከ8ኛ ትውልድ ወዲህ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ነው፤ እነዚህ 4ኛ ናቸው። በዚሁ ምክንያት ግራፊክስ ካርድ የሚለው ሐሳብም ወደቀ። የእነዚህ ማሽኖች ጠባብ ሣጥን ቁመተ አጭር ካርድ ብቻ ይቀበላል፤ ፓወር ሰፕላይ እንቀይር ቢባልም የቦርዱ ዋና ማገናኛ እንደ ተለመደው 24 ሳይሆን ባለ 8 እግር ነው፣ ከሱቅ የተገዛ ተራ ፓወር ሰፕላይ ያለ አስማሚ አይሰካም።

ሦስተኛው ጥያቄ ሲተየብ እንዲህ ሆነ፦ «ራም 8 ጂቢ፣ ዲዲአር3ኤል፣ ፒሲ3ኤል-12800ዩ፣ ኤክስ8፣ ብዛት 10። ኤስኤስዲ ሳታ 2.5 ኢንች፣ 256 ጂቢ፣ ብዛት 10። ለዴል ኦፕቲፕሌክስ 3020። አንድ ማሽን ላይ ተሞክሮ ካልሠራ ይመለሳል።» ኃላፊዋ ግን ወረቀቱን ብቻ አላመኑም። ከአንዱ ማሽን የተነቀለውን አሮጌ ራም ፖስታ ውስጥ ከተው፣ በማኅተም አሽገው፣ «ይህን አሳይተህ ግዛ» ብለው ለግዥ ሠራተኛው ሰጡት።