በረንዳውን 45 ሳንቲም አወረድነው

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ላይ ያለው ሰፈራችን ዳገት ነው። ቤታችን ከፊት በኩል ሲታይ ከመሬቱ እኩል ነው። በጓሮ በኩል ግን ወለሉ ከመሬቱ 90 ሳንቲም ከፍ ይላል። ወንድሜ የዛሬ ስንት ዓመት የእንጨት በረንዳ ሲያሠራ ከወለሉ ጋር እኩል አደረገው። ከሳሎን ወጥተው ቀጥ ብለው የሚራመዱበት፣ ሰፊ፣ ዙሪያውን መደገፊያ ያለው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነበር።

ኑሮው ላይ ግን አልሆነልንም። እዚያ ላይ ቁጭ ስትሉ አጥሩ ከጉልበት በታች የሆነ ያህል ነው። ጎረቤታችን ልብስ ሲያሰጡ እኛ ቡና ይዘን ፊት ለፊት እንፋጠጣለን። ሰላምታውን ጨርሰን የምንለው እስክናጣ ድረስ። ይባስ ብሎ የእማዬ ጉልበት አስቸገራት። ጎመኗና ጤና አዳሟ ያሉት ታች ነው። ስድስት ደረጃ ወርዳ፣ ቆርጣ፣ ስድስት ደረጃ መውጣት። ቀስ በቀስ መውረዱን ተወችው። «ልጄ፣ አንድ እፍኝ ጎመን ቁረጥልኝ» ማለት ጀመረች። እኔ ደግሞ የምቆርጠው ሁሌም የማይፈለገውን ቅጠል ነው።

ወንድሜ «አፍርሰን በሴራሚክ እንሥራው» አለ። አዲስ አበባ ውስጥ የሁሉም ነገር መጨረሻ ሴራሚክ ነው። እኔ ግን ጣውላው አሳዘነኝ፤ ደህና ነው። ስለዚህ ዝቅ እናድርገው ብዬ አንድ ሽማግሌ አናጺ አመጣሁ።

ጋሼ ላዩን ዞር ብለው እንኳ አላዩም። ካቻቢቴ ይዘው ከሥር ገቡ። እያንዳንዱን ቋሚ ከታች ወጋ ወጋ አደረጉ። መሬቱ አጠገብ ካቻቢቴው እየገባ ነው፤ እንጨቱ በስብሷል። ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ሲሉ ደረቅና ጠንካራ ነው። እኔ ደነገጥኩ፣ እሳቸው ደስ አላቸው። «ዝቅ የምናደርግ ከሆነ የምንቆርጠው እሱን አይደል?» አሉ። የበሰበሰው ጫፍ ከነጭራሹ ይሄዳል፣ ከላይ ያለው መጋጠሚያ ሳይነካ ይቀራል።

ክርክሩ የተነሳው ስንት እንቁረጥ የሚለው ላይ ነው። እኔ መሬት ሊነካ ምንም እስካይቀረው ድረስ ይውረድ አልኩ። ጋሼ አልተስማሙም። ከሰኔ እስከ መስከረም ከዳገቱ የሚወርደው ውሃ በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። እንጨት ከሥሩ አየር ካላገኘ ይታፈናል፣ ምስጥም መንገዱ ያጥርለታል። ወንድሜ 40 ይቁረጥ አለ፣ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ መሰለኝ። ጋሼ ደረጃውን ለኩ። እያንዳንዱ እርከን 15 ሳንቲም ነው። 40 ብንቆርጥ አንዱ እርከን ከሌሎቹ ያንሳል። እግር ደግሞ ደረጃን አያይም፣ ይለምዳል። ከሌሎቹ የሚለይ አንድ እርከን ካለ በጨለማ የሚጥለው እሱ ነው። 45 ግን ሦስት እርከን ልክ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውን ደረጃ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ከበረንዳው ወደ ጓሮ፣ ግማሹን ከበሩ ወደ በረንዳው ሊተክሉት ሆነ።

ሌላም ያላሰብነው ነገር ነበረው። 45 ሳንቲም የወንበር ከፍታ ነው። በረንዳው እዚያ ላይ ሲያርፍ ጠርዙ ዙሪያውን መቀመጫ ይሆናል። መደገፊያም አይፈልግም። በደረት ልክ የነበረውን ያን ሁሉ የመደገፊያ ሞራሌ አንስተን ጓሮው ፊታችን ተከፈተ።

ወንድሜ እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀ። «ድምሩ ያው ስድስት ደረጃ አይደለም እንዴ? ምን አተረፍን?» እውነቱን ነው። የቤቱ ወለል አልወረደም። ግን እማዬ አሁን ሦስት ትወርድና ትቀመጣለች። ቡናዋን ትጠጣለች። ደስ ሲላት ሌላ ሦስት ትወርዳለች። ለጉልበት ስድስት በአንዴና ሦስት ሦስት አንድ አይደለም። በሩ ፊት ደግሞ ጋሼ ሰፋ ያለ ማረፊያ ሠሩ። ረከቦት ተሸክሞ የሚወጣ ሰው ከደፉ እግሩን ሲያነሳ ገደል እንዳያጋጥመው።

ሥራው ላይ ያስቸገረው ግድግዳው ነው። ቤታችን የጭቃ ነው፣ መሠረቱ ብቻ ድንጋይ። በረንዳው በቤቱ በኩል የተያዘው ግድግዳው ውስጥ በገባ ብሎን ነበር። ብሎኑ ሲፈታ ጭቃው አብሮ ረገፈ። ያን ሁሉ ክብደት ምን ይዞት እንደኖረ እግዜር ይወቀው። ወንድሜ «አሁን ዝቅ ስላለ ድንጋዩ ላይ እንሰረው» አለ። ጋሼ በረንዳ የራሱ እግር ይኑረው፣ ቤቱን አይደገፍ ብለው በዚያም በኩል ቋሚ አስተከሉ። በበረንዳውና በግድግዳው መሃል ሁለት ጣት ክፍተት ተውን፣ ውሃው እንዲያልፍ። የአዲሶቹ ቋሚዎች ኮንክሪት ክብደት ሳይጫንበት ሳምንት ያህል ውሃ እየጠጣ ቆየ።

ማውረዱ ራሱ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። ጎረቤት ካሉ ባለታክሲዎች ክሪክ ለመንን። ጣውላውን አላነሳንም፤ ፍሬሙን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። ቋሚዎቹ የሚቆረጡበት ምልክት የተደረገው ውሃ በሞላ ስስ የጎማ ቱቦ ነው፤ ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። ግቢው ዳገት ስለሆነ የቋሚዎቹ ርዝመት ይለያያል፤ ከመሬት ተነስታችሁ ብትለኩ በረንዳው እንደ ግቢው ያዘነብላል። ከላይ ባለው የውሃ ልክ ተነስቶ ከሁሉም እኩል መቀነስ ነው። ከዚያ ክሪኩ ሸክሙን ይይዛል፣ ቋሚው ይቆረጣል። ክሪክ በአንዴ የሚወርደው ትንሽ ስለሆነ ከጎኑ እንጨት አነባብራችሁ ሸክሙን ለእንጨቱ ታስረክባላችሁ፣ ክሪኩን ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ትተክላላችሁ። አንዱን ጥግ እስከ መጨረሻው አውርዶ ወደ ሌላው መሄድ የለም። ሁሉም ጥግ በየተራ ጥቂት ጥቂት ይወርዳል፤ አለበለዚያ መጋጠሚያው ይጣመማል። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም ከሥር አይገባም። ጋሼ ይህችን እየደጋገሙ ይጮሁባት ነበር።

አዲስ የተቆረጠ ጫፍ ውሃ ይመጥጣል። ስለዚህ እያንዳንዱ ቋሚ ሬንጅ ተቀባ፣ ኮንክሪቱን በቀጥታ እንዳይነካም ከሥሩ ወፍራም ላሜራ ገባ።

ይህን ያዩ አንድ የሰፈር ሰው የእሳቸውን በረንዳ በተቃራኒው ከፍ ማድረግ ፈልገው ጋሼን ጠየቁ። መልሳቸው አጭር ነበር። በአሮጌ ቋሚ ላይ ቁራጭ እንጨት አይቀጠልም፣ መጋጠሚያው ላይ ይታጠፋል። ወይ ቋሚውን በረጅም መለወጥ፣ ወይ ከሥር ኮንክሪቱን ከፍ ማድረግ ነው። ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ መደገፊያውም ማገጃውም ይመጣል።

እኛ ጋ የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው የብሎን ቀዳዳ ነው። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ አይዝም፣ ጭድ የገባበት ጭቃ ነው የሚያስፈልገው። ወንድሜ ጭድ አመጣለሁ ብሏል። ሰኔ ደርሷል፣ ጭዱ ግን አልመጣም።