በላዳ ቸርችልን ሽቅብ

ከለገሃር ተነስቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ መውጣት ለአዲስ መኪና ምንም አይደል። ለአሮጌ ላዳ ግን ፈተና ነው። ከድሮው ባቡር ጣቢያ እስከ ማዘጋጃ ቤት መንገዱ ሽቅብ ነው።

የአጎቴን ላዳ እየነዳሁ ነው፤ አጎቴ ጋሼ ራሳቸው ከጎኔ ተቀምጠዋል። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ መኪናው ሁሉ ተጠራቅሞ ቆመ። የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ተጠጋ።

“ጥግ ያዝ፣ አጥፋው” አሉኝ።

አንድ ደግ ወጣት በሃይላንድ ውሃ ይዞ መጣ። “ክፈቱትና ልጨምርላችሁ” አለ።

“ተባረክ ልጄ፣ መጀመሪያ ይብረድ” አሉት ጋሼ። ልክ ናቸው። ሲፈላ የተከፈተ ራዲያተር ፊት ይልጣል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመርም ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ ሊሰነጥቀው ይችላል።

ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ይዘን ከፈትነው። ውሃው ሻይ መስሏል። ጣቴን አስገብቼ የራዲያተሩን አፍ ዳበስኩት፤ ጥፍሬ ስር ቀይ ዝገት ገባ። የክዳኑ ጎማም ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

እዚህ ከተማ “ውርጭ የለም፣ አንቲፍሪዝ ምን ያደርጋል?” የሚል ብዙ ሰው አለ። እኔ በዚህ አልስማማም። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የላዳ ሞተር ደግሞ ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው ቴርሞስታት ገና ሲከፍት 80 ዲግሪ ግድም ደርሷል። የቀረችው ትንፋሽ ትንሽ ናት። ከውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለ ኩላንት፣ ያው አንቲፍሪዙ፣ መፍያው ላይ 7 ዲግሪ ያህል ይጨምርልሃል። ግፊት የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ሲታከልበት ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል። ከሁሉም በላይ ኩላንቱ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ቅመም አለ። የላዳ ብሎክ፣ የሞተሩ ዋና አካል፣ ብረት ነው፣ ቴስታታው አሉሚኒየም። ባዶ የቧንቧ ውሃ ሁለቱንም ቀስ እያለ ይበላቸዋል።

በንጹህ ውሃ ሞልተን በተክለሃይማኖት አድርገን የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ወረድን። ሻጩ ቀዩን ኩላንት አነሳ። “ይሄ አምስት ዓመት አይነካም” አለ። ጋሼ ግን የድሮውን ዓይነት ጠየቁ። የእኛ ራዲያተር በእርሳስ የተበየደ ነሐስ ነው፤ አንዳንዶቹ ረጅም ዕድሜ ያላቸው አዳዲስ ኩላንቶች ብየዳውን ሊጎዱት ይችላሉ። የድሮው በየ2 ዓመቱ ይቀየራል፣ ይሁን። ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ግን ቀለም ማስረጃ አይሆንም፣ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው። አዲስ ክዳንም ገዛን።

ሥራውን እዚያው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ጨረስነው። የራዲያተሩንም የብሎኩንም መፍሰሻ ፈታን፤ ብዙ ሰው የብሎኩን ይተወዋል፣ ዝቃጩ ግን እዚያ ነው የሚተኛው። ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ አጠብነው። ሙሉው ወደ 10 ሊትር ይይዛል፤ ግማሹን ኩላንት፣ ግማሹን ዲስትልድ ውሃ አደረግነው። የማሞቂያውን ቧንቧ ከፍተን፣ የመኪናውን አፍንጫ ሽቅብ አቁመን ቀስ እያልን ሞላን። አየር ውስጥ ከቀረ ሞልቶም ይፈላል።

መካኒኩ “ቴርሞስታቱን ላውጣላችሁ?” አለ። ይሄ ምክር በየጋራዡ አለ፣ አልወደውም። ሞተር ቶሎ ካልሞቀ ነዳጅ ይበላል፣ ያልቃልም። ይልቅ ሞተሩን አስነስተን፣ ከፋኑ ርቄ የታችኛውን የራዲያተር ጎማ በእጄ ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር። ቆየት ብሎ ድንገት ሞቀ። ቴርሞስታቱ ይሠራል ማለት ነው፤ አልተነካም።

የተረፈውን ኩላንት ጋሼ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት። ጣዕሙ ጣፋጭ ነው፤ ሕፃንም ውሻም ከጠጣው ሊገድል ይችላል። በማግስቱ ሞተሩ ሳይነሳ ክዳኑን ከፈትኩ። ትንሽ ጎድሎ ነበር፣ ከዚያው ከድብልቁ ሞላሁት። ከዚያ ቸርችልን እንደገና ወጣን፤ ጌጁ ፒያሳ ድረስ ከመሃል አላለፈም።